አደራ ሰጥቶ መርሳት፦ የብሪታኒያ የአደራ ልጆች ታሪክ ለኢትዮጵያ ምን ይነግራታል?

(ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዘመናቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 9 ቀን 1945 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር አውራጃ፣ ሚንስተርሊ ከምትባል መንደር አቅራቢያ ባንክ ፋርም ወደሚባል ገለልተኛ የእርሻ ቤት አንድ ሐኪም ተጠራ። ታመመ የተባለው የ12 ዓመቱ ዴኒስ ኦኒል ነበር። ሐኪሙ ሲደርስ ልጁ ሞቶ አገኘው። አስከሬኑ ሲመረመር ደረቱና ጀርባው ተደብድቧል፤ እግሮቹ ቆሳስለዋል፤ ሰውነቱ በምግብ እጦት መንምኗል።

ዴኒስ የዚያ ቤት ልጅ አልነበረም። ጠፍቶ የመጣ መንገደኛም አልነበረም። ፍርድ ቤት ከወላጆቹ ወስዶ ለመንግሥት አካል የሰጠው፣ የመንግሥት አካሉ ደግሞ እየከፈለ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ በአደራ ያስቀመጠው ልጅ ነበር። በወረቀት ላይ ጠባቂው ብዙ ነው። ማዘጋጃ ቤት አለው፣ የትምህርት ኮሚቴ አለው፣ ሁለት የአካባቢ አስተዳደሮች ስሙን ያውቁታል፣ መዝገብም ተከፍቶለታል። በእርሻ ቤቱ ውስጥ ግን ከታናሽ ወንድሙ በቀር ማንም አልነበረውም።

የዚህ ልጅ ሞት የአንድን አገር ሕግ ከሥሩ ቀየረ። ከ28 ዓመት በኋላ ግን በዚያችው አገር ሌላ ሕፃን ሞተች። የሁለተኛዋ ሞት ከመጀመሪያው ተቃራኒ በሚመስል ስህተት የመጣ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማንበብ የወላጅ ምትክ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ላሏት አገር ሁሉ ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት።

▪️ የሙት ልጅ ገበያ

ልጅን በክፍያ ለሌላ ቤተሰብ ሰጥቶ ማሳደግ በእንግሊዝ አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ ካፒቴን በለንደን ጎዳና የሚጣሉ ሕፃናትን አይቶ አላስችል ስላለው በ1739 የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ለማቋቋም ንጉሣዊ ፈቃድ አገኘ። ማሳደጊያው ጨቅላዎቹን ለንደን ውስጥ አያቆያቸውም ነበር። በገጠር ለሚኖሩ አጥቢ ሴቶች እየከፈለ ይሰጣቸውና አራት አምስት ዓመት ሲሞላቸው መልሶ ይወስዳቸዋል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ማሳደጊያው ሴቶቹን በየአካባቢው ሆነው የሚጎበኙ በጎ ፈቃደኛ ተቆጣጣሪዎች ነበሩት። ሕፃኑን በሕይወት ላቆየች ሞግዚት ደግሞ ጉርሻ ይሰጥ ነበር። ቁጥጥርም ድጋፍም አንድ ላይ መሆን እንዳለባቸው የገባቸው ሰዎች ከ280 ዓመት በፊት ነበሩ ማለት ነው። ያልገባቸው ሌላው ነገር ነበር። አምስት ዓመት እናቴ ሲላት የኖረውን ልጅ ከዚያች ሴት እቅፍ መንጠቅ በልጁም በሴቲቱም ላይ ምን እንደሚያደርስ አላሰቡትም። ይህ ጥያቄ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ኖረ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ነገሩ ወደ ንግድ ወረደ። ከጋብቻ ውጭ የወለዱ ድሆች ሴቶች በጋዜጣ ማስታወቂያ እየተፈላለጉ ልጃቸውን ለማያውቁት ሰው ከጥቂት ገንዘብ ጋር ያስረክቡ ጀመር። ተቀባዮቹ ሁሉ ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ በኖረ ቁጥር ተቀባይዋ ትከስራለች። እንዲህ ያለ ስሌት ማንን እንደሚስብ ግልጽ ነው። በ1870 ማርጋሬት ዋተርስ የተባለች ሴት፣ በ1896 ደግሞ አሚሊያ ዳየር ሊያሳድጓቸው የተቀበሏቸውን ሕፃናት በመግደል በስቅላት ተቀጡ።

በ1872 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን በክፍያ የሚያሳድግ ሰው እንዲመዘገብ አስገደደ። ሕጉ የሚሠራው ግን ከአንድ በላይ ሕፃን በሚቀበል ቤት ላይ ብቻ ነበር። አንድ ልጅ ብቻ የሚቀበል ሰው በጎ አድራጊ እንጂ ነጋዴ አይደለም ተብሎ ታመነ። ደግ ሰውን በምርመራ ማሳፈር ነውር ነው የሚለው አስተሳሰብ አንዱን ልጅ ያለ ጠባቂ አስቀረው። ይህ አስተሳሰብ ዛሬም በብዙ አገር፣ በእኛም አገር፣ አልሞተም።

▪️ ባንክ ፋርም

ወደ ዴኒስ እንመለስ። የኦኒል ልጆች በዌልስ ኒውፖርት ከተማ የሚኖር የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በቤታቸው በደረሰባቸው ጉድለት ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለኒውፖርት ከተማ አስተዳደር ተሰጡ። አስተዳደሩም ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲያዘዋውራቸው ቆይቶ በ1944 ክረምት መግቢያ ላይ ዴኒስንና ታናሽ ወንድሙን ቴረንስን ድንበር ተሻግሮ በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር ለሚኖሩት ለሬጂናልድ ጎፍና ለባለቤቱ ለኤስተር ጎፍ ሰጣቸው።

ጊዜው የጦርነት ነው። ከለንደንና ከሌሎች ከተሞች ቦምብ ፈርተው ወደ ገጠር የተላኩት ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ በ1939 ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀናት ብቻ ከእናቶችና ከሕፃናት ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሰው ተጓጉዟል። ትርፍ አልጋ ያለው ቤት ሁሉ ይፈለጋል። ሠራተኛው ደግሞ ዘምቷል፣ ቢሮዎች ተራቁተዋል። በዚህ መሐል የጎፍ ቤተሰብ ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ባልና ሚስቱ ለምን ልጅ እንደፈለጉ ጠበቅ አድርጎ የጠየቀ አልተገኘም።

ደንብ አልነበረም እንዳይባል ነበር። በአደራ የተሰጡ ልጆች በየጊዜው እንዲጎበኙና በሐኪም እንዲታዩ የሚያዝ ደንብ ወጥቷል። ችግሩ ልጆቹ የኒውፖርት፣ እርሻው የሽሮፕሻየር መሆኑ ነበር። አንደኛው አስተዳደር ሌላው ያያቸዋል ብሎ ያስባል፤ ሌላው ደግሞ የእኔ ልጆች አይደሉም ይላል። ሁለቱ አስተዳደሮች ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ልጆቹ ግን ይራባሉ፣ ይገረፋሉ።

ዲሴምበር 20 ቀን 1944 ከኒውፖርት የተላከች አንዲት የቢሮ ሠራተኛ በመጨረሻ እርሻውን ጎበኘች። ያየችው አስደንግጧት ልጆቹ ከዚያ ቤት ይውጡ የሚል ሪፖርት አቀረበች። ሪፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ቆየ። የገና በዓል መጣ፣ አዲስ ዓመት ገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚቻልባቸው ቀናት እንዲህ አለፉ። ጉብኝቱ ከተደረገ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዴኒስ ሞተ።

በፍርድ ቤት ዋናው ምስክር የአሥር ዓመቱ ቴረንስ ነበር። ስለ ረሃቡ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ብርዱ ለአዋቂዎች የተናገረው እሱ ነው። ሬጂናልድ ጎፍ ሰው በመግደል ስድስት ዓመት፣ ሚስቱ ልጅን ችላ በማለት ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ሕዝቡ ቅጣቱ አንሷል ብሎ ጮኸ። ከጩኸቱ በላይ ፍሬ ያፈራው ግን “ለእነዚህ ሰዎች ልጁን የሰጠው ማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ነበር።

▪️ ከጩኸቱ በኋላ

መንግሥት ሰር ዋልተር ሞንክተን የተባሉትን የሕግ ባለሙያ መርማሪ አድርጎ ሾመ። የምርመራው ውጤት በ1945 ወጣ። ሞንክተን የደረሱበት ድምዳሜ ክፉ ገበሬና ክፉ ሚስት ነበሩ የሚል ብቻ አይደለም። ልጅን በአደራ የሚሰጥ አስተዳደር ኃላፊነቱ ልጁን ባስረከበ ቀን አያልቅም፤ ኃላፊነቱ ከልጁ ጋር አብሮ ይጓዛል የሚል ነው።

እውነቱን ለመናገር ማስጠንቀቂያው ከዴኒስ ሞት በፊት ተሰምቶ ነበር። ማርጀሪ አለን የተባሉ ሴት በጁላይ 1944 በታይምስ ጋዜጣ ባወጡት ደብዳቤ በመንግሥትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች እጅ ያሉ ልጆች ሁኔታ እንዲመረመር ጠይቀው ነበር። ዴኒስ ወደ ባንክ ፋርም የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በማይራ ከርቲስ የተመራው ኮሚቴ በ1946 ያወጣው ሪፖርት ከአንድ ልጅ አልፎ 125 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናትን ኑሮ የዳሰሰ ነበር። የኮሚቴው አባላት በየማሳደጊያው እየዞሩ ያዩት በብዛት ጭካኔ አልነበረም። ያዩት ብቸኝነት ነው። ማንነታቸውን የማያውቁትን ጎብኚ እየተሯሯጡ እጁን የሚይዙ፣ ልብሱን የሚጎትቱ፣ እቅፍ የሚለምኑ ሕፃናትን አዩ። ኃላፊነቱ በብዙ መሥሪያ ቤቶች መካከል ስለተበታተነ ለአንድ ልጅ አንድ የሚጠየቅ ሰው ማግኘት አይቻልም ነበር።

የኮሚቴው መፍትሔ ቀላል ይመስላል። በየአካባቢው አስተዳደር ስለ ሕፃናት ብቻ የሚጠየቅ አንድ ባለሙያ ይኑር፤ ልጆቹንም በስም ይወቃቸው አለ። ከትልልቅ ማሳደጊያዎች ይልቅ ቤተሰብ ይሻላል፣ ቤተሰቡ ግን ተመርጦ፣ ተጎብኝቶ፣ ተደግፎ ይሁን አለ። የ1948ቱ የሕፃናት ሕግ ይህን ተቀብሎ በዚያው ዓመት ጁላይ 5 ሥራ ላይ ዋለ። የብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተጀመረው በዚያው ቀን ነው።

አጋታ ክሪስቲ ከዴኒስ ታሪክ መነሻ ወስዳ በ1947 ለሬዲዮ አጭር ድራማ ጻፈች። ድራማው አድጎ በ1952 ለንደን መድረክ ላይ የወጣው ‘ዘ ማውስትራፕ’ ሆነ፤ በዓለም ረጅሙን ጊዜ የታየ ቴአትር ነው። ብዙ ተመልካች ግን ከጀርባው የአንድ የአደራ ልጅ መቃብር እንዳለ ሳያውቅ አጨብጭቦ ይወጣል።

▪️ እንደ ራስህ ልጅ

ከ1948 በኋላ የአደራ ቤተሰቦች በረከቱ። በ1951 ጆን ቦውልቢ ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀረበው ጥናት ሕፃን ልጅ ከምግብና ከመጠለያ በተጨማሪ የማይለዋወጥ የእናት ፍቅር ካላገኘ እንደሚጎዳ አስረዳ። በ1955 የወጣው ደንብ ደግሞ አደራ ተቀባዮች ልጁን እንደ ራሳቸው ልጅ እንደሚያሳድጉ በፊርማቸው ቃል እንዲገቡ አደረገ።

ቃሉ መልካም ነው። ታዲያ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለው። እንደ ራስህ ልጅ ውደደው ተብሎ የፈረመ ሰው፣ አንድ ቀን መጥተው ልጁን እንወስዳለን ሲሉት ምን መብት አለው? ልጁ ጉዳት ሊደርስበት እንደሆነ ቢያውቅ ማን ይሰማዋል? ለዚህ ደንቡ መልስ አልነበረውም። እንደ እናት እንድትወድ ትጠየቃለች፤ ሲወሰን ግን እንደ ጎረቤት እንኳ አትጠየቅም።

ማሪያ ኮልዌል በ1965 ተወለደች። አባቷ እሷ ገና ጨቅላ ሳለች ሞተ። እናቷ ልጆቿን ማሳደግ ስላልቻለች ማሪያ ለአክስቷ ተሰጠች፤ ቀጥሎም የአካባቢው አስተዳደር ሕጋዊ ኃላፊነቱን ወስዶ ልጅቷን እዚያው አክስቷ ጋር በአደራ አስቀመጣት። ማሪያ እማማና አባባ ብላ ያደገችው እነሱን ነው። ጥሩ ምግብ፣ ጥሩ አልጋ፣ ጥሩ ቤት ነበራት። የአደራው ሥርዓት የሠራላት ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

በ1971 እናቷ ልጄን ስጡኝ ስትል ለፍርድ ቤት አመለከተች። አስተዳደሩ አልተቃወመም። በጊዜው ልጅ ከወላጁ ጋር መኖር አለበት የሚለው አመለካከት ጠንካራ ነበር፤ አመለካከቱ በራሱም ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ውስጥ የማሪያን ጉዳይ ብቻ ይዞ የሚቆም ሰው አልነበረም። አክስቷም ተከራካሪ ወገን ሆና የምትሰማበት መንገድ አልነበረም። ልጅቷ ራሷ ወደዚያ ቤት አልሄድም ብላ እየጮኸች፣ እየታገለች ነበር የተወሰደችው። የስድስት ዓመት ልጅ ልትናገር የምትችለውን ሁሉ ተናግራለች።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቶች አመለከቱ። አስተማሪዋ ልጅቷ እየከሳች እንደሆነ፣ ሰውነቷ ላይ ሰንበር እንዳለ ተናገረች። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። እያንዳንዱ ሰው ከታሪኩ አንድ ቁራጭ ይዟል፤ ሁሉን አንድ ላይ የገጠመ ግን አልነበረም። ጃንዋሪ 1973 ማሪያ በእንጀራ አባቷ ተደብድባ ሞተች። ሰባት ዓመቷ ነበር። የእንጀራ አባቷ ለፍርድ ቀርቦ ተፈረደበት። በ1974 የወጣው የምርመራ ሪፖርትም አገሪቱን እንደገና አስደነገጠ።

▪️ ሁለት ስህተት ወይስ አንድ?

ላይ ላዩን ሲታይ የሁለቱ ልጆች ታሪክ ተቃራኒ ነው። ዴኒስን የገደሉት አደራ ተቀባዮቹ ናቸው፤ መንግሥት ስላላያቸው። ማሪያን ሊያድኗት ይችሉ የነበሩት አደራ ተቀባዮቿ ናቸው፤ መንግሥት ስላልሰማቸው። ከመጀመሪያው ታሪክ የአደራ ቤተሰብን ጠበቅ አድርገህ ተቆጣጠር የሚል ትምህርት ይወጣል። ከሁለተኛው የአደራ ቤተሰብን እመን፣ ደግፍ የሚል ይወጣል። ፖለቲከኞችም ጋዜጦችም እንደየጊዜው አንዱን ይዘው ሌላውን ይጥላሉ። አንድ ልጅ ሲሞት ቁጥጥር ይበዛል፤ ቤተሰቦች ሲሸሹ ቁጥጥሩ ይላላል።

ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን ስህተቱ አንድ ነው። በሁለቱም ጊዜ በመንግሥትና በዚያ ቤት መካከል ሕይወት ያለው ግንኙነት አልነበረም። ሁልጊዜ የሚመጣ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ፣ ልጁን ለብቻው የሚያናግር፣ አሳዳጊዋ ስትደክም የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ባንክ ፋርም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጋለጥ ነበር። ማሪያን ለአምስት ዓመት ያሳደገችውን ሴት በደንብ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ቃሏ በፍርድ ቤት ይመዝን ነበር። የሚደግፍ ዓይን ማየትም ይችላል፤ የሚያይ ዓይን ከሌለ ደግሞ ድጋፉ ዝም ብሎ ገንዘብ መላክ ብቻ ይሆናል።

ብሪታኒያ ይህን ቀስ በቀስ ተማረች። በ1974 አደራ ተቀባዮች ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። የ1975ቱ የሕፃናት ሕግ እንደ ማሪያ ባለ ጉዳይ ልጁ በፍርድ ቤት ለብቻው የሚናገርለት ሰው እንዲያገኝ በር ከፈተ፤ ለረጅም ጊዜ ያሳደጉ ሰዎችም በሕግ ፊት እንዲቆሙ መንገድ ሰጠ። የ1989ኙ ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤት ስለ ልጁ አስተዳደግ ሲወስን የልጁ ደኅንነት ከሁሉ በላይ እንዲሆን፣ የልጁም ፍላጎትና ስሜት እንደ ዕድሜው እንዲታይ አዘዘ።

ዛሬ በእንግሊዝ የአሠራሩ ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎችን መመደብ ነው። አንደኛው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ የልጁ ነው፤ ሥራው ልጁን ማየትና ማዳመጥ ነው። ሁለተኛው የአደራ ቤተሰቡ ነው፤ ያሠለጥናል፣ ያማክራል፣ ይገመግማል፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም ሳይነገር ድንገት በር ያንኳኳል። ለልጁ ወጪ የተወሰነ አበል አለ፣ እረፍትም ይሰጣል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ልጁ 18 ሲሞላው ሻንጣውን ይዞ እንዲወጣ ከመገደድ ይልቅ ሁለቱም ወገን ከፈለጉ እስከ 21 ዓመቱ እዚያው ቤት መቆየት ይችላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ያለ ወላጅ በረሃና ባሕር አቋርጠው እንግሊዝ የደረሱ ታዳጊዎችም የሚያርፉት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ይህ ማለት እዚያ ችግር አልቋል ማለት አይደለም። አደራ ተቀባይ ቤተሰብ እጥረት አለ። ሠራተኞች ይለዋወጣሉ፤ ልጁ ስሟን ሳይለምድ ሌላዋ ትመጣለች። ክስ የሚቀርብባቸው ንጹሕ አሳዳጊዎች ምርመራው እስኪያልቅ በጥርጣሬ ተሸማቀው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ሥራውን ይተዉታል። ደግ ሰውን ሳያሸሹ ክፉ ሰውን መያዝ ከባድ ሥራ ነው። ከባድ ስለሆነ ግን አይተውም።

▪️ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን ምን አገናኛት? ብዙ ያገናኛታል።

የሌላን ልጅ ወስዶ ማሳደግ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ ጉዲፈቻ ልጁን ከአብራክ ከተገኘው ሳይለይ በሙሉ መብት የቤቱ ልጅ ያደርገዋል፤ ቃሉም የሕግ ቃል እስከመሆን ደርሷል። አክስት የወንድሟን ልጅ፣ ጎረቤት የሟች ጎረቤቱን ልጅ ማሳደጉ የትም ሰፈር ያለ ነው። ከዚህ ጎን ግን ሌላም እውነት አለ። “ላስተምርልሽ” ተብሎ ከገጠር የመጣ ልጅ ከተማ ገብቶ ውኃ ቀጂ፣ ልጅ አዝዬ፣ እቃ አጣቢ ሆኖ ሲቀር ማን ይጠይቃል? ዘመዱ ናቸው ይባላል። ደግ አደረጉ ይባላል። የ1872ቱ የእንግሊዝ ሕግ አንድ ልጅ የሚቀበል ሰው አይመርመር ያለው ልክ በዚህ ምክንያት ነበር።

የውጭው በር ደግሞ በግልጽ ሕግ ተዘግቷል። በ2010 ብቻ 2,500 ገደማ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደው ነበር። አብዛኞቹ ቤተሰብ አገኙ። ሐና ዊሊያምስ ግን አላገኘችም። በ2008 ከኢትዮጵያ የተወሰደችው ይህች ልጅ በሜይ 2011 በዋሽንግተን ግዛት፣ ከአሳዳጊዎቿ ቤት ደጅ፣ ተርባና በብርድ ደርቃ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ረጅም እስር ተፈረደባቸው። በረሃቡና በብርዱ ከባንክ ፋርም ጋር ያለው መመሳሰል ያስደነግጣል። እዚህም ቤቱ ከሰው ዓይን የራቀ ነበር።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ዓ.ም. አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀረ። ውሳኔውን የደገፉም የተቹም አሉ። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገን አይክዱትም፤ በሩ ሲዘጋ ልጆቹ አልጠፉም፤ እዚሁ አሉ። ድርቅ፣ ጦርነትና መፈናቀል ደግሞ ሌሎችን ጨምሯል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለሙት ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግ ያዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም የአደራ ቤተሰብን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ደንብ አለ ማለት ነው። ደንብ ባንክ ፋርምም ላይ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ደንቡን ከሚሠራው ሰው ላይ ይወድቃል። በአንድ ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ የአደራ ልጆችን በስም የሚያውቅ፣ ሥራው ይህ ብቻ የሆነ፣ ልጁ ወረዳ ቢቀይር “የእኔ አይደለም” የማይል ባለሙያ አለ ወይ? ልጁን ከአሳዳጊዎቹ ለይቶ የሚያናግረው ማን ነው? አስተማሪ ወይም ጎረቤት ያየውን ነገር የሚወስደው ለማን ነው፣ በስንት ቀን ውስጥስ መልስ ያገኛል?

በሌላ በኩል፣ ኑሮ በተወደደበት ከተማ የሰው ልጅ ለተቀበለች እናት ምን ይደረግላታል? ሌሊት እየቃዠ የሚጮህ፣ ጦርነት ያየ ልጅ ቤቷ ሲገባ ምን እንደምታደርግ ማን ያሳያታል? ስትታመም ልጁን ለጥቂት ቀን የሚይዝላት አለ? ዘመድ ተገኘ ተብሎ ልጁ ሊወሰድ ሲል እሷ የምታውቀውን የሚጠይቃት አለ? ወይስ ስትቀበል ተመስግና፣ ስታስረክብ ተረስታ ትቀራለች?

እነዚህ ጥያቄዎች አንድ ላይ ካልተጠየቁ መልስ የላቸውም። ቁጥጥር ብቻ የያዘ ሥርዓት ደጋጎቹን አስፈርቶ ያባርርና ተንኮለኛው ብቻ ይቀራል፤ ተንኮለኛ መዝገብ ማሟላት አይከብደውምና። ምስጋና ብቻ የያዘ ሥርዓት ደግሞ ልጁን ለዕድሉ ይተወዋል። በገንዘብ በኩልም እንዲሁ ነው። ጉብኝትና ሥልጠና ወጪ አለው፤ በጀቱ ውስጥ ካልገባ ግን ወጪውን ልጁ ይከፍለዋል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል አባባሉ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው አደራ ለተቀበለው ሰው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ነው። የሁለቱ ልጆች ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያው ለሰጪውም መሆኑን ያሳያል። አደራ የሰጠ አካል ተመልሶ ካልጠየቀ የሰጠው አደራ መሆኑ ቀርቶ መጣል ይሆናል።

ከባንክ ፋርም በሕይወት የወጣው ቴረንስ ኦኒል በሰባዎቹ ዕድሜው፣ በ2010፣ ያን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። ለመጽሐፉ የመረጠው ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ “የሚወደን ሰው” እንደ ማለት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ዱላው ተናግሮ ነበር። በሽምግልናው ሲጽፍ ግን ርዕሱን ያደረገው ያን ጊዜ እሱና ወንድሙ ያጡትን ነገር ነው።